ቀይዋ መብራት የት ቆማ ነው የምታየው?

በቤዝ አምፕ ጌይንና ማስጠንቀቂያ መብራቶች ላይ፣ ጅማ ውስጥ ለቤዝ ተጫዋቾችና ለሳውንድ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናወራው የስንዴ ቅንጣት ስለምታህል አንዲት መብራት ነው። የቤዝ ጊታር ማጉያ ማሽን (አምፕ) ላይ፣ ጌይን ከሚባለው መዞሪያ ቁልፍ (ኖብ) አጠገብ ተቀምጣለች። አንዱ ማሽን ላይ «ክሊፕ»፣ ሌላው ላይ «ፒክ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ አንዳንዱ ላይ ምንም አልተጻፈባትም። ሠርግ ላይም፣ ሆቴል ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይም ይህች መብራት ቀይ ስትሆን ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ይደነግጥና እጁ ያገኘውን ኖብ ሁሉ ይቀንሳል፤ ቤዙ ከድራምና ከኪቦርድ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ሌላው ምንም ሳይመስለው ቀይ እንደበራች አምሽቶ ይጫወታል፤ በማግስቱ ካቢኔቱ (የስፒከሩ ሳጥን) ሲከፈት የስፒከሩ ኮይል ጠቁሮ ይገኛል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ መብራቷ የት ቆማ ምን እንደምታይ አያውቁም።

መብራቷ ማሽኑን በሙሉ አታይም። አንድ ቦታ ላይ ቆማ በዚያ የሚያልፈውን ብቻ ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ።

ከቤዙ በገመድ የሚመጣው በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ የሌለው፣ ፓሲቭ የምንለው ቤዝ ለስለስ ተደርጎ ሲመታ ከ1 ቮልት አንድ አስረኛ ገደማ ይሰጣል፤ በአውራ ጣት በኃይል ሲመታ ግን ለቅጽበት 1 ቮልትን ያልፋል። ይህ መጀመሪያ ፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ) ውስጥ ይገባል። ጌይን የሚሠራው እዚያ በር ላይ ነው። ቀጥሎ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል የሚያስተካክለው ኢኳላይዘር አለ፤ ቤዝ፣ ሚድ፣ ትሬብል። ከዚያ ማስተር ቮልዩም፣ ከማስተሩ በኋላ ስፒከሩን የሚነዳው ፓወር አምፕ፣ መጨረሻ ላይ ስፒከር።

ጌይንም ማስተርም ሲጨመሩ ድምፁ ይጎላል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው አንድ ሥራ ያላቸው የሚመስለው። ጌይን የእጃችሁንና የቤዛችሁን ጉልበት ከፕሪአምፑ አቅም ጋር ያስማማል። ማስተር አዳራሹ ውስጥ ምን ያህል እንደምትሰሙ ይወስናል። መሸት ብሎ ሰው ሲበዛ የሚጨመረው ማስተሩ ነው። ጌይኑ አንዴ በልኩ ከተቀመጠ፣ ቤዙ ወይም ፔዳሉ (በእግር የሚረገጠው የድምፅ መለወጫ) እስካልተቀየረ ድረስ አይነካም።

ጣሪያው

ፕሪአምፑ ውስጥ ያሉት አይሲዎች (ድምፁን የሚያጎሉት ትናንሽ ቺፖች) አብዛኛውን ጊዜ በፕላስና በማይነስ 15 ቮልት ነው የሚሠሩት። ከ13 ወይም ከ14 ቮልት በላይ የሆነ ነገር ማውጣት አይችሉም። ከዚያ በላይ ሊወጣ የፈለገ የድምፅ ሞገድ ጫፉ ይላጫል፤ ክብ የነበረው አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ክሊፕ የምንለው ይኸው ነው። ጆሮ ላይ እንደ መሻከር፣ እንደ መንጫጫት ሆኖ ይሰማል።

ፕሪአምፕ ላይ የሚሆነው ክሊፕ ማሽኑን አያቃጥልም። በቲዩብ (በመስታወት ቱቦ) የሚሠሩ ፕሪአምፖች ላይ ሆን ተብሎ የሚፈለግበትም ጊዜ አለ፤ የሮክ ቤዝ ሻካራነት ከዚያ ነው የሚመጣው። ፓወር አምፕ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጫፉ ሙሉ ለሙሉ ተላጭቶ አራት ማዕዘን የሆነ ሞገድ፣ ከፍታው ከክቡ ሞገድ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ የሚሸከመው ኃይል እጥፍ ነው። 100 ዋት የተባለ አምፕ እንደዚያ ሲነዳ ስፒከሩ ላይ ወደ 200 ዋት ሊያደርስ ይችላል። የስፒከሩ ኮይል ቀጭን ሽቦ ነው፤ በሙጫ ተጣብቆ ማግኔቱ መካከል ይንሳፈፋል። ሲግል ሙጫው ይለቃል፣ ሽቦው ይላቀቃል፣ ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋል። ከካቢኔቱ የሚመጣው የተቃጠለ ሙጫ ሽታ የዚህ ምልክት ነው። ያንን ያሸተተ ሰው ዘፈኑ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም።

እንግዲህ ቀይ መብራት አይታችሁ ምን ያህል መጨነቅ እንዳለባችሁ የምታውቁት፣ መብራቷ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትጠብቅ ስታውቁ ብቻ ነው። መመሪያው ወረቀት ካለ እዚያ ተጽፏል። እዚህ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ግን ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ ናቸው፤ ወረቀታቸው ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ራሳችን እንፈትሻለን። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህንን ፊታችን ያለውን ኮምቦ፣ አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን የሆነውን፣ እንየው። ማስተሩን ዜሮ እናድርግ። ድምፅ የለም። አሁን ጌይኑን ግማሽ ድረስ ከፍተን ወፍራሙን ክር፣ ኢውን፣ በኃይል እንምታ። መብራቷን ተመልከቱ፤ ብልጭ አለች። ማስተሩ ዝግ ነው፤ ወደ ፓወር አምፑ ምንም አላለፈም፤ እሷ ግን በራች። ስለዚህ የምታየው ፕሪአምፑን ነው። ማስተሩ ዜሮ ሆኖ ጌይኑን ምንም ብንጨምር ባትበራና ማስተሩ ሲከፈት ብቻ ብትበራ ኖሮ፣ ፓወር አምፑ ላይ የቆመች ናት ማለት ነበር።

ሁለተኛው ፍተሻ፦ ማስተሩ እንደተዘጋ፣ መብራቷ ብልጭ ማለቷ እስኪቀር ጌይኑን በትንሹ እንመልስ። አሁን የኢኳላይዘሩን ቤዝ ኖብ እስከ መጨረሻ እንጨምርና ያንኑ ክር በዚያው ኃይል እንምታ። አያችሁ? እንደገና በራች። ጌይኑን አልነካንም፣ እጃችንም አልጨመረም። ስለዚህ የዚህ ማሽን መብራት ከኢኳላይዘሩ በኋላ ነው የቆመችው። አንዳንዱ ማሽን ላይ ግን ኢኳላይዘሩን ምንም ብታደርጉ መብራቷ ደንታ የላትም፤ ከእሱ በፊት ናትና። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤዝ ኖቡን ከፍ አድርጋችሁ ውስጡ ክሊፕ እያደረገ እያለ መብራቷ ምንም አታሳይም፤ እዚያ ላይ ያላችሁ ዳኛ ጆሮ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ካወቃችሁት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዲሲቤል የድምፅ ጭማሪና ቅናሽ መለኪያ ነው፤ 6 ዲሲቤል መጨመር ቮልቱን እጥፍ ማድረግ ነው። ብዙ ኢኳላይዘር እስከ 15 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ይህ ቮልቱን ከ5 እጥፍ ተኩል በላይ ያደርገዋል። በኃይል፣ በዋት ሲቆጠር ደግሞ 3 ዲሲቤል እጥፍ፣ 6 ዲሲቤል 4 እጥፍ፣ 12 ዲሲቤል 16 እጥፍ ነው። ባለ 100 ዋት አምፕ ይዞ በ25 ዋት ዘና ብሎ የሚጫወት ሰው የቤዝ ኖቡን 6 ዲሲቤል ሲጨምር፣ ዝቅ ባሉት ድምፆች ላይ ያለውን አቅም በሙሉ ተጠቀመበት።

ጌይን አስተካከል

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እጁ ላይ ነው።

ማስተር ዜሮ፣ ጌይን ዜሮ። ኢኳላይዘሩ ሁሉ መሃል ላይ። መመሪያዎች «12 ሰዓት» የሚሉት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ኖብ ነው። ቤዙ ላይ ያለው ቮልዩምና ቶን እስከ መጨረሻ ይከፈት። ኮምፕረሰር ካለ ይጥፋ፤ ጫፉን ስለሚያፍነው ያታልላችኋል። ፔዳል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከሁሉም ድምፅ የሚጨምረው ፔዳል በርቶ ይሁን።

አሁን እየተጫወታችሁ ጌይኑን ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። እንዴት እየተጫወታችሁ? ሰው ሲፈትሽ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በጣቱ ጫፍ ዱም፣ ዱም ያደርጋል፤ የትዝታ መግቢያ የሚጫወት ይመስላል። ማታ ግን ችክችካ ይነሳል፣ ሰው እስክስታ ይወርዳል፣ ድራመሩ ይጋጋላል፤ ያው ጣት ሳያውቀው በእጥፍ ኃይል ይመታል። እጥፍ ማለት 6 ዲሲቤል ነው፤ ቀን ላይ ልክ የነበረው ጌይን ማታ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ በጣም የሚከብደውን ዘፈን ከፍ ያለውን ክፍል፣ መድረክ ላይ በምትመቱበት ኃይል ተጫወቱ። ስላፕ የምታደርጉ ከሆነ ስላፕ አድርጉ፤ የአውራ ጣት ምት ጫፉ ከጣት አጨዋወት በብዙ ይበልጣል። ክሮቹን ሁሉ ሞክሩ፤ ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ቢ ክሩን አትርሱ።

መብራቷ በጠንካራው ምት ላይ ብቻ ብልጭ ብላ ወዲያው ስትጠፋ ቁሙ። ከዚያ ኖቡን በጣም በትንሹ ወደ ኋላ መልሱ። ቦታው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ኖታ የምትበራ ከሆነ በዝቷል። በኃይል መታችሁም ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ደግሞ አንሷል። ማነሱም ችግር ነው፤ ጌይኑ ሲያንስ ማስተሩን አብዝታችሁ መክፈት ይኖርባችኋል፤ ያኔ ከፕሪአምፑ የሚመጣው ሽሽታና የኤሌክትሪክ መስመሩ እምምታ ከቤዛችሁ ጋር አብሮ ይጎላል። አንዳንዱ ማሽን ላይ መብራቷ ከትክክለኛው መቆረጥ ጥቂት ዲሲቤል ቀድማ ትበራለች፤ አንዳንዱ ላይ ልክ ሲቆረጥ ነው። ስለዚህ ብልጭ ስትል ጆሯችሁን ጨምሩበት፤ ድምፁ ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው።

አሽዳውን አምፖች ላይ በመብራት ፈንታ የሚወዛወዝ መርፌ ያለው ሜትር አለ። አሠራሩ አንድ ነው፤ መርፌው በጠንካራው ምት 0 አካባቢ ሲደርስ በቂ ነው።

ጌይኑ ከተቀመጠ በኋላ ኢኳላይዘሩን ወደምትወዱት አምጡት። ከዚያ ወደ ጌይኑ ተመለሱና እንደገና ፈትሹ፤ የጨመራችሁት ቤዝ መብራቷን እየቀሰቀሳት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ቤዙ አይሰማም» ሲባል ሁሉም እጁን የሚልከው ወደ ቤዝ ኖቡ ነው። የኢ ክር መነሻ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው ትንሽ ኮምቦ ያንን ድምፅ በደንብ ማውጣት አይችልም። ኃይሉን ትጨምሩለታላችሁ፣ ኮኑ ይርገበገባል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ኖታው ግልጽ ሆኖ የሚሰማው ከ250 እስከ 800 ኸርዝ ባለው ሚድ ውስጥ ነው። ሚዱን 3 ዲሲቤል ጨምሩ፣ ቤዝ ኖቡን ትንሽ ቀንሱ፤ ማስተሩን ሳትነኩ ብቅ ትላላችሁ። ዝቅ ያለውን ድምፅ በእውነት ከፈለጋችሁት አምፑን ወለል ላይ፣ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት። ጥጉ ያለምንም ተጨማሪ ዋት ያጎላዋል።

አክቲቭ፣ ፓሲቭና ኪቦርድ

ባለ 9 ቮልት ባትሪው አክቲቭ ቤዝ ከፓሲቩ በጣም የጎላ ድምፅ ይሰጣል። ለዚህ ነው ብዙ አምፕ ላይ «አክቲቭ» የሚል መግቢያ ወይም የሚጫን ቁልፍ ያለው፤ ድምፁን ከ10 እስከ 15 ዲሲቤል ይቀንሳል። ጌይኑ ገና ሩብ ሳይደርስ መብራቷ የምትበራ ከሆነ ያንን ቁልፍ ተጫኑ። በተቃራኒው ፓሲቭ ቤዝ ይዛችሁ ጌይኑ ሙሉ ተከፍቶ እንኳ መብራቷ ካልበራች ያ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቶ እንደሆነ እዩ። ኪቦርድም ከቤዙ ጋር በአንድ አምፕ ሲያልፍ እናያለን፤ የኪቦርድ ድምፅ ከፓሲቭ ቤዝ በብዙ ስለሚበልጥ መቀነሻውን ተጭኖ መግባት አለበት።

መብራቷ ሳትበራ ሲሻክር

ቤዙ ይንጫጫል፣ መብራቷ ግን ጨለማ ናት። ይህ የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ፤ ጥፋቱ እሷ ከምታየው ቦታ በፊት ወይም በኋላ ነው።

በፊት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። የ9 ቮልት ባትሪ አዲስ ሲሆን ከ9 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደ 7 ሲወርድ የቤዙ ውስጥ ማጉያ ራሱ ጣሪያው ዝቅ ይልበታል፣ ጠንከር ያለው ምት እዚያው ጊታሩ ውስጥ ይላጫል። አምፑ የሚቀበለው ቀድሞ የተላጨና ያነሰ ድምፅ ስለሆነ መብራቷን የሚያበራት ነገር የለም። በመልቲሜትር ለኩ፤ ሜትር ከሌለ አዲስ ባትሪ አስገብታችሁ አወዳድሩ። ደግሞም ጃኩ ሲሰካ ነው ባትሪው የሚበራው፤ ገመዱን ቤዙ ላይ ሰክቶ የሚያድር ሰው ባትሪው ቶሎ ያልቅበታል። ባትሪው ደህና ከሆነ ፔዳሉን አውጥታችሁ ቤዙን በቀጥታ ሰኩ። ሌላው የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ፒክአፕ ነው፤ ወደ ክሩ በጣም ተጠግቶ ከተሰቀለ በኃይል ሲመታ ክሩ ይነካዋል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል።

በኋላ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ነው። ማሽኑን አጥፉና ኮኑን በሁለት እጅ፣ በአራት ጣት ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለምንም ድምፅ ከሄደና ከተመለሰ ኮይሉ ነጻ ነው። ክርክር የሚል ስሜት ጣታችሁ ላይ ከመጣ ኮይሉ እየተፋተገ ነው። የጠርዙን ጎማ ወይም ስፖንጅ በባትሪ መብራት ዞራችሁ እዩ፤ ስፖንጁ ከጊዜ ብዛት ይፈረፈራል። አንዳንዴ ስፒከሩ ምንም ሳይሆን የካቢኔቱ ብሎን ላልቶ ይንጫጫል፤ እሱን ሳያጠብቁ ስፒከር መግዛት ያሳዝናል።

ኖቡ ሲዞር ብቻ ጭርጭር የሚል ከሆነ እርጥበት ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ጃክና ኖብ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ኖብ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ያህል አዙሩ። ካልተሻለው ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ማጽጃ ይነፋበት፤ የማሽን ዘይትና ናፍጣ አይገባም።

የፓወር አምፑ መብራትና የመስመሩ ጉልበት

ማስተሩ ሲከፈት ብቻ የምትበራዋ መብራት «ክሊፕ» ወይም «ሊሚት» ትባላለች። ሊሚተር ያለው ማሽን ላይ መብራቷ የምትለው «ጣሪያው ደርሷል፣ ይዤዋለሁ» ነው። የፒቪ አምፖች ላይ «ዲዲቲ» የሚል ጽሑፍ ያለው እንዲህ ያለው ነው፤ ክሊፕ ሊሆን ሲል ማሽኑ ራሱ ድምፁን ጨቆን ያደርገዋል። በከበዱት ምቶች ላይ ብልጭ ብትል ችግር የለም። በርታ የምትቀር ከሆነ ግን ከአምፑ አቅም በላይ እየጠየቃችሁ ነው፤ ማስተሩን ወይም ቤዝ ኖቡን ቀንሱ፣ ካልበቃ በዲአይ (ድምፁን ወደ ሚክሰር በሚወስደው መውጫ) ወደ ሞንታርቦው፣ ወደ አዳራሹ ትልቅ ስፒከር፣ አሳልፉት።

ይህቺን መብራት የሚመለከት አንድ የእኛ አካባቢ ጉዳይ አለ። ቀን ልምምድ ላይ ያልበራች መብራት ማታ፣ ማስተሩ እዚያው ሆኖ፣ ትበራለች። ማሽኑ አልተበላሸም፤ መስመሩ ወርዷል። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ የውስጥ ቮልቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የሚሰጠው ዋት ደግሞ ቮልቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ስለሚሄድ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ 300 ዋቱ የ200 ዋት ሆነ ማለት ነው። ፕሪአምፑ ግን በተረጋጋ 15 ቮልት ስለሚሠራ አይነካውም። ስለዚህ ማታ ላይ የፓወር አምፑ መብራት ብቻ ከበራች ጌይኑን አትንኩ፤ ሶኬቱ ላይ ቮልቱን ለኩ። ከአምፑ ዋት እጥፍ የሚሸከም ስታቢላይዘር ይረዳል። አምፑን ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት። ቀላሎቹ፣ ክላስ ዲ የሚባሉት አዳዲስ አምፖች ብዙዎቹ ይህንን መውረድ በተሻለ ይችሉታል።

ፕሮቴክት

ማሽኑ ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ቀይ ሆና ቀጭ ብሎ ሪሌው ሲገባ የምትጠፋ፣ «ፕሮቴክት» የምትባል የመከላከያ መብራት ካለች ያ ጤናማ ነው። በርታ ከቀረችና ድምፅ ከሌለ ግን ማሽኑ ራሱን እየጠበቀ ነው። በቅድሚያ «ሚዩት» ቁልፉን እዩ፤ ብዙ ማሽን ላይ እሱም ቀይ ነው፣ ሲጫን ዝም ያሰኛል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሚዩት ካልሆነ ማስተሩን ዘግታችሁ ማሽኑን አጥፉ፣ የስፒከር ገመዶቹን በሙሉ ንቀሉ፣ እንደገና አብሩ። ይህ ለትራንዚስተር አምፕ ብቻ ነው፤ ፓወር አምፑ በቲዩብ የሚሠራ ማሽን ያለ ስፒከር አይበራም፣ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ገመዱ ተነቅሎ መብራቷ ከጠፋች ጥፋቱ ውጭ ነው፤ ገመዱ ወይም ካቢኔቱ። አጥፍታችሁ አንድ ካቢኔት በአንድ ገመድ እየሰካችሁ ፈትሹ። ሁሉም ተነቅሎ መብራቷ እንደበራች ከቀረች ደግሞ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ አውትፑት ትራንዚስተር ነው። ለሠራተኛ ስጡት። ክዳኑን በራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ክፉ ቻርጅ ይይዛሉ።

ውጭ ያለው ጥፋት ከሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ገመዱ ነው። የቤዝ ገመድና የስፒከር ገመድ ጃካቸው አንድ ስለሚመስል ይለዋወጣሉ። የቤዙ ገመድ መሃል ያለው ሽቦ ቀጭን ነው፤ የስፒከር ኃይል ሲያልፍበት ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሾርት ይሆናል። ለስፒከር ባለ 1.5፣ ርቀት ካለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀሙ። ሌላው የኦሙ ቁጥር ነው፤ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቃወምበት መጠን ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔት አብረው ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ሲሰኩ 2። ከኋላ «ዝቅተኛ 4 ኦም» የተባለ አምፕ ላይ 2 ኦም ስትሰኩ የሚጠየቀው ከረንት እጥፍ ነው፤ ይግላል፣ ፕሮቴክት ይገባል፣ ወይም ይቃጠላል። ካቢኔቱ ላይ ካልተጻፈ ከአምፑ ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩት፤ ባለ 8 ኦሙ ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ያነብባል።

ለአንድ ሰዓት ያህል ተጫውታችሁ ድንገት ዝም ካለ ሙቀት ነው። ማስተሩን ዘግታችሁ ማሽኑን እንደበራ ተዉት፤ ካጠፋችሁት ማራገቢያውም ይቆማል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ይመለሳል። ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፤ ለጌጥ ብሎ አምፕ ላይ ጨርቅ ማልበስ ይቅር።

ከአዳራሹ የተነሱ ሁለት ጥያቄዎች

አንደኛው፦ «ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ መሃል ላይ ቤዙ ይጮሃል ይጠፋል ይለኛል፤ እኔ ግን ማስተሬን አልነካሁም።» ጌይኑን ነክተህ ይሆናል። ብዙ አምፕ ላይ የዲአይ መውጫው ከጌይኑ በኋላ፣ ከማስተሩ በፊት ነው የሚነሳው። ጌይኑን ስትነካ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሁሉ ይለወጣል፤ ማስተሩን ስትነካ አይለወጥም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንተ መጀመሪያ ጌይንህን አስተካክለህ መጨረስህ ነው፤ ከዚያ እሱ የራሱን ቻናል ጌይን ያስተካክላል፤ የእሱም ቻናል የራሱ ቀይ መብራት አለው። እምምታ ካለ የዲአዩን «ግራውንድ ሊፍት» ተጫኑ። ወደ ሶኬት የሚሰካውን ገመድ የኧርዝ (የመሬት መስመር) እግር መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ እጅህ ክር፣ ከንፈርህ ላይ ማይክ ሆኖ መሬት የሌለው አምፕ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው፦ «ያገለገለ አምፕ ስገዛ ምን ልይ?» የራስሽን ቤዝና ገመድ ይዘሽ ሂጂ። ከኋላ የቮልት ጽሑፉን አንብቢ፤ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ አይሰካም፣ መምረጫ ስዊች ካለው 220 ወይም 230 ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ማስተሩን ዘግተሽ ቅድም ያሳየነውን ፍተሻ አድርጊ፤ በማንኛውም ጌይን መብራቷ ካልበራች አምፖሏ ሞታ ወይም ፕሪአምፑ ታሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከፍ አድርገሽ ተጫወቺበት፤ ሲግል የሚታይ ጥፋት በሁለት ደቂቃ አይታይም። መጨረሻ ላይ ከሶኬት አስነቅለሽ የፊውዙን ቤት አስከፍቺ። ፊውዙ ላይ ያለው አምፔር ከማሽኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። የበለጠ ከሆነ፣ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኘሽው፣ አትግዢው።